ያልተንቀሳቀሰው ነጥብ

ፕሮፌሰር ግሌብ ሮስቲስላቮቪች ቬሪጊን የተገኙት መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ከትልቁ የኤሌክትሪክ ሳጥን ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ዓይናቸው አልተከደነም። ሁለት እጆቻቸው ግራና ቀኝ ተዘርግተው መዳፋቸው ወደ ጣሪያ ያያል። የሳጥኑ ክዳን ተፈትቶ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ደካማ የእጅ ባትሪ አጠገባቸው ወድቋል፤ የማብሪያው ቀይ መብራት ይበራል።

መርማሪ ዚናይዳ አርካድየቭና ሎምቴቫ ከሌኒንግራድ ስትደርስ የመጋቢት በረዶ ከምርምር ተቋሙ ጣሪያ እየቀለጠ ይንጠባጠብ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ያለች ሴት ናት። በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ግራ ጆሮዋን ስላደነቆረው የምታነጋግረውን ሰው ሁሉ በቀኟ ታስቀምጣለች። ይህን የማያውቁ ሰዎች በግራዋ በኩል ይንሾካሾኩና ከንፈራቸውን እያየች ታነባቸዋለች።

የተቋሙ ዳይሬክተር በሩ ላይ ጠበቋት።

« ጓድ መርማሪ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ኃይሉን ሳያጠፉ እጃቸውን ሰደዱ። ዕድሜም አለ፣ ድካምም አለ። የሚጠየቅ ሰው ካስፈለገ ሳጥኑን ሠርታ ‘ደህና ነው’ ብላ የፈረመች መሐንዲስ አለች። »

« ማን ትባላለች? »

« አግላያ ፌዶሮቭና። » ዳይሬክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። « የፕሮፌሰሩ የቀድሞ ሚስት ናት። »

ዚናይዳ ተንበርክካ የሟቹን መዳፎች አየች። ቀኙም ግራውም ተቃጥሏል። ኪሳቸውን ፈተሸች፤ የበር ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ደግሞም በመቀስ እንደ ምላስ ሹል ተደርጋ የተቆረጠች ቁራጭ ፊልም አገኘች። ቁራጯን በፖስታ ከተተች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሁሉም ባቡሽካ፣ አያቴ፣ የሚሏትን አሮጊት ዘበኛ ኡስቲንያን ነው።

« በሩ እንዴት ነው የሚቆለፈው? »

« ሲዘጉት ራሱ ይቆለፋል፣ የኔ እመቤት። አንዱ ቁልፍ ከሟቹ ጋር ነው፤ ሌላው እኔ ጋ። »

« ዛሬ ጠዋት ለማን ሰጡት? »

« ለምክትላቸው ለኢኖኬንቲ ነዋ። ሁሌም ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ጨዋ ልጅ፤ እንዴት አደሩ ሳይል አያልፍም። »

« ከዚያስ? »

« ከዚያማ ሻዬን ቀዳሁ። ጉሮሮ የሚልጥ ነበር፣ እፍ እፍ እያልኩ ጠጣሁት። ብርጭቆዬን ሳለቀልቅ ነው ‘ሞቱ! ሞቱ!’ እያለ የወረደው። እዚሁ ቁጭ አልኩ። »

ዚናይዳ ከዘበኛዋ ወንበር እስከ ክፍሉ ያለውን ደረጃ አየች። አንድ ፎቅ ብቻ ነው።

በላብራቶሪው የሚሠሩት፣ ከሟቹ ሌላ፣ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ክሪስታል የሚያበቅለው አርመናዊ ሩቤን አራሞቪች ነው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ጣቶቹ በአሲድ የተጠባበሱ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ።

« ባለፈው ሳምንት ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል። »

« ይባላል አይደለም፤ ጮኼባቸዋለሁ። ሕንጻው ሁሉ ሰምቷል። »

« ለምን? »

« ለመንግሥት ሽልማት ታጭተን ነበር፣ አራታችንም። አዲስ ኮከብ አግኝተናል ተብሎ ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ወጥቷል። እሳቸው ግን ማመልከቻውን አልፈርምም አሉ። ‘ቆዩ’ ይላሉ። ‘ምን እስክንሆን?’ ብላቸው ‘ቆዩ’ ብቻ። ‘የኛን ላብ ሊቀብሩት ነው!’ አልኳቸው። » ትልቁ ሰው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። « እንዲያ ማለቴ... »

« በሞቱበት ምሽት የት ነበሩ? »

« ቤቴ። ልደቴ ነበር። እኔ ለድግሱ ስል ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ ኢኖኬንቲና አግላያ ከሥራ በኋላ አብረው መጡ። በላን፣ ጠጣን፣ ሚስቴ አስጨፈረችን። የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጣቸውና ሁለቱም እኔው ጋ አደሩ። ኢኖኬንቲ ሶፋው ላይ፣ አግላያ ከልጆቼ ጋር። ጠዋት ኢኖኬንቲ ቀድሞ ወጣ። »

« ፕሮፌሰሩ አልተጋበዙም? »

« እንዴት አልጋብዛቸውም? ከሰዓት በኋላ ቤት ደወሉልኝ። ‘ሩቤን፣ ይቅር በለኝ፤ ሰው ከማሳዘኔ በፊት አንድ ነገር ማረጋገጥ አለብኝ’ አሉ። እኔን የሚሉ መስሎኝ ነበር። »

ዚናይዳ ወንበሯን አስጠጋች። « ይህ መሣሪያችሁ ምን ይሠራል? ምንም እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ። »

የሩቤን ፊት ትንሽ ፈታ አለ።

« ሁለት አንቴና አለን። አንዱ እዚህ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ከሐይቁ ማዶ ኮረብታው ላይ። ሁለቱም ሰማዩን ያዳምጣሉ። ግን የሚሰሙት ጫጫታ ነው፤ የቅዳሜ ገበያ። የኮከቡ ድምፅ በጫጫታው ውስጥ ተቀብሯል። የሚወጣው ‘ሁለታችሁም የሰማችሁት ምንድን ነው?’ ተብለው ሲጠየቁ ብቻ ነው። »

« ማን ይጠይቃቸዋል? »

« ብርሃን! » ሩቤን ጣቱን አነሣ። « የአንቴናው ኤሌክትሪክ እኔ ካበቀልኩት ክሪስታል ውስጥ ሲገባ ድምፅ ይሆናል፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ። ክሪስታሉ ውስጥ እንደ ኩሬ ሞገድ ይሄዳል። ትንሿ ቀይ ሌዘር በዚያ ስታልፍ ብርሃኗ እንደ ሞገዱ ይታጠፋል። ከፊቷ ደግሞ የሌላኛው አንቴና ሞገድ ያለበት ሁለተኛ ክሪስታል አለ። በሁለቱም ካለፈች በኋላ ሞገዶቹ የሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ ብርሃኑ ይጠራቀምና ነጥብ ይሠራል። የሒሳብ ማሽን ቀን ሙሉ የሚማስንበትን ብርሃን በቅጽበት ይጨርሰዋል። ነጥቡ ደብዛዛ ስለሆነ ለዓይን አይታይም፤ ፊልም ላይ ነው የሚወጣው። »

« ነጥቡ የት ያርፋል? »

« ሁለቱ አንቴናዎች እኩል ከሰሙ መሃል። አንዱ ቀድሞ ከሰማ ወደ ጎን። »

« ብልጭታ እዚሁ ክፍል ውስጥ ቢነሣስ? »

« ያ መከራችን ነው። የትልቁ ሳጥን ማብሪያ ሲጫን እንኳ የሁለቱም አንቴና ገመዶች እኩል ይሰሙታል። ፊልሙ መሃል ላይ ጥፍ! ነጭ ጠባሳ። »

« ኮከቡስ? አንድ ቦታ ይቆማል? »

« ኮከብ ቆሞ አይጠብቅም፣ ጓድ መርማሪ። ምድር ስትዞር ነጥቡም ቀስ እያለ መንሸራተት አለበት። »

« ሲንሸራተት አይታችኋል? »

ሩቤን አመነታ። « ረጅም ፊልም ስለሌለን... ያሉን ኢኖኬንቲ ያነሣቸው ነጠላ ፎቶዎች ናቸው። »

ሊወጣ ሲል ዚናይዳ ጠራችው። « ፕሮፌሰሩ ከኤሌክትሪክ ጋር ሲሠሩ ጥንቁቅ ነበሩ? »

« እሳቸው? ‘ባለ አንድ እጁ’ ነበር የምንላቸው! ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ሳይከቱ ኃይል ያለበትን ሳጥን አይጠጉም። ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ በልብ ላይ ነው የሚያልፈው። »

ዚናይዳ የተቃጠሉትን ሁለት መዳፎች አሰበች።

አግላያ ፌዶሮቭና ሲጋራዋን ሳታጠፋ ገባች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጀርባዋ ግን እንደ ወታደር ቀጥ ያለ ነው።

« ግሌብን እጠላው ነበር ብዬ ልጀምርልዎት? ያንን ሊነግርዎት ሕንጻው ሁሉ ተሰልፏል። »

« ይጠሉት ነበር? »

« አንዳንድ ቀን። ሃያ ዓመት ከኮከብ ጋር ተካፍዬው ኖሬያለሁ፤ ሲበዛብኝ ተውኩት። » ጭሱን ወደ ጎን ለቀቀች። « ግን እኔ የሠራሁት ሳጥን ሰው አይገድልም። ዳይሬክተሩ እስር ቤት ሊሰዱኝ እንደቸኮሉ አውቃለሁ። ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ። ያንን ቃል ግን አልፈርምም። »

« ሳጥኑ ምን ያንቀሳቅሳል? »

« ትልቁን ሌዘር። ለሌላ ሥራ ነው፤ ከኮከቡ ጋር አይገናኝም። የሁለቱ አንቴና ገመዶች በጀርባው ስለሚያልፉ ብቻ ነው ጎረቤት የሆኑት። »

« ሰው ሊከፍተው ሲፈልግ ምን ያደርጋል? »

« መጀመሪያ ያጠፋል። ቢጠፋም ውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለረጅም ሰዓት አይሞትም። ስለዚህ ከሳጥኑ ጎን በሚሰቀለው ዘንግ ይነካዋል። ከዘንጉ መያዣ የሚወጣው ሽቦ ከመሬት ጋር ስለተያያዘ ያለውን ሁሉ ያፈሰዋል። ጧ! ይላል። »

« ጧ ካላለስ? »

« ቀድሞ ራሱ ፈስሶ አልቋል ማለት ነው። ያኔ በሁለት እጅም ቢገቡበት ምንም አይልም። » አግላያ ሲጋራውን ተረከዟ ሥር ደፈጠጠች። « ለዚህ ነው ያልገባኝ። ግሌብ ማጥፋት ይረሳል? ልደቴን ይረሳል። ልጃችን የታመመ ቀን ቤት መምጣት ረስቷል። ማብሪያ ግን አይረሳም። »

ኢኖኬንቲ ሳቬልየቪች የፕሮፌሰሩ ምክትል ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አይሞላውም፤ ፀጉሩ በጥንቃቄ ተበጥሯል፣ ዓይኖቹ በልቅሶ ቀልተዋል። የፕሮፌሰሩን ካፖርት አጣጥፎ በክንዱ ይዟል።

« እንደ አባቴ ነበሩ » አለ። « ከገጠር ስመጣ ጫማ የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። »

« ጠዋት የሆነውን ይንገሩኝ። »

« በሩን ከፈትኩ፣ አየኋቸው፣ ሮጥኩ። ያ ብቻ ነው። »

« ምንም አልነኩም? »

« ምን ልንካ? ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። »

« የክፍሉን መብራት አበሩ? »

« አላበራሁም። በሩ ሲከፈት የኮሪደሩ ብርሃን ይገባል። የሳጥኑ ቀይ መብራትም በርቶ ነበር። ወዲያው ገባኝ። »

« ነጥቡን፣ ኮከቡን፣ ያገኙት እርስዎ ነዎት አሉኝ። »

ፊቱ ላይ፣ በሐዘኑ መሃል፣ የኩራት ብልጭታ አለፈ። « ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ኮከቡ የት እንዳለ በሒሳብ የተነበዩት ግን እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ፈለግን። »

« ያ ካሜራ ትናንት ምሽት ይሠራ ነበር? »

« ካሜራው? » ኢኖኬንቲ በቅንነት ራሱን ነቀነቀ። « ከመከር ጀምሮ ባዶ ነው። ፊልም አይደርሰንም። ያለችውን ጥቂት እኔ ቆልፌባታለሁ፤ ነጠላ ፎቶ ስናነሣ ብቻ ነው የማወጣት። »

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ዚናይዳ ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ ቀረች። ጓንቷን አጥልቃ በመጀመሪያ ዘንጉን አነሣች። ሽቦው ደህና ነው፤ ጎማው አልተላጠም። መያዣውን በቀስታ ስታዞረው ተፈታ። ውስጡ፣ ከዓይን በተሸሸገው ቦታ፣ መዳቡ በጉጠት ተቆርጧል። የተቆረጠው ጫፍ ገና ያበራል፤ አልጠቆረም። ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ በባትሪ ብርሃን ሳጥኑን መረመረች። ውስጡ በዱቄት መሰል አቧራ ተሸፍኗል። ከጀርባው፣ አንደኛው የአንቴና ገመድ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ተነሥቶ ሁለተኛው እስከሚያልፍበት ድረስ ግን፣ ትል የሄደበት የሚመስል ቀጭን ንጹሕ መስመር አለ። አንድ ሽቦ እዚያ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ቆይቶ ተነሥቷል።

በመጨረሻ ወደ ካሜራው ሄደች። በሌንሶቹ ጀርባ የተቀመጠች ጥቁር ሳጥን ናት፤ ሞተሯ ቆሟል። ጠጋ ብላ በጣቷ ስታንኳኳው ባዶ ዕቃ የሚሰጠውን ድምፅ አልሰጣትም። ፎቶ የሚያነሣ የእህት ልጅ አላት፤ ፊልም ካሜራ ውስጥ ሲገባ ጫፉ በመቀስ እንደ ምላስ እንደሚቆረጥ ስታይ ኖራለች። ካሜራዋን ሳትከፍት በካፖርቷ ጠቅልላ ወደ ከተማ ወሰደቻት።

ከሁለት ቀን በኋላ ሁሉም እዚያው ክፍል ተጠሩ። ዳይሬክተሩ በየደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። አግላያ ግድግዳ ተደግፋለች፤ የእስር ትእዛዙ በዳይሬክተሩ ግፊት ተዘጋጅቶ ፊርማ ብቻ እንደቀረው ሰምታለች። ሩቤን ከጎኗ ቆሟል። ኢኖኬንቲ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሏል። በሩ ላይ ሁለት ሚሊሻዎች አሉ። ዚናይዳ ከሥር መብራት በበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አንድ ረጅም ፊልም ዘረጋች።

« ይህ ከየት መጣ? » አለ ሩቤን።

« ከካሜራችሁ። ፕሮፌሰሩ ከመንገድ ዳር ሱቅ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው አስገቡት። ጫፉን የቆረጡት ቁራጭ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ያን ምሽት ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል። »

ኢኖኬንቲ ቀና አለ። 

« ዳይሬክተር፣ ‘ሳያጠፉ ገቡ’ ነበር ያሉኝ። » ዚናይዳ ጣቷን ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ አሳረፈች። « ሩቤን አራሞቪች፣ ይህ መሃል ላይ ያለው ነጭ ጠባሳ ምንድን ነው? »

ሩቤን ዓይኑን አጠበበ። « የሳጥኑ ማብሪያ ነው። ትልቁ ሌዘር ሲሠራ የሚታየው ጭረት ከዚህ በኋላ የለም። ስለዚህ... ማጥፋታቸው ነው። »

« አጥፍተዋል። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ያለው ይህ ትልቁስ? »

 የመለሰችው አግላያ ናት፤ ድምፅዋ ደርቋል። « የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ነው። በእሱ ላይ ሲፈስስ። »

« ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አዎ። ‘ባለ አንድ እጁ’ ግን ሁለት እጃቸው ነው የተቃጠለው። ሁለቱንም የሰደዱት ሳጥኑ እንደሞተ እርግጠኛ ስለነበሩ ነው። አጠፉ፤ ጠበቁ፤ ዘንጉን ነኩበት፤ ጧ አላለም፤ ፈስሶ አልቋል አሉ። ዘንጉ ግን ተቆርጧል። » መያዣውን ፈትታ አሳየቻቸው። « ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። ከእናንተ አንዱ ወጥመድ አጥምዶ፣ የሰው ልደት ላይ ሊጨፍር ሄዷል። »

 ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

« ዘንጉን የሠራችው እሷ ናት » አሉ ቀስ ብለው።

« አዎ፣ እሷ ናት። እንቀጥል። ሳጥኑ ጠፍቶ ከነበረ ጠዋት ቀይ መብራቱ እንዴት በራ? የሞተ ሰው ማብሪያ አይጫንም። » ፊልሙን በጣቷ ተከትላ ወደ ጫፉ ሄደች። « ፕሮፌሰሩ ፊልሙን ላለማበላሸት የክፍሉን መብራት አጥፍተው በባትሪ ነው የሠሩት። ሌሊቱን ሙሉ መሃሉ ንጹሕ ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ጀርባው ግራጫ ሆነ። ለምን? ኢኖኬንቲ ሳቬልየቪች ራስዎ ነግረውኛል። በሩ ሲከፈት የኮሪደሩ ብርሃን ይገባል። »

« እኔ ነኝ የከፈትኩት » አለ ኢኖኬንቲ። « አልካድኩም። »

« አልካዱም። ግን ነጩን ጠባሳ ይዩት። ማብሪያው ሲበራ ያለው ጠባሳ ከግራጫው በፊት አይደለም፤ በኋላ ነው። በሩ ተከፈተ፣ ከዚያ አንድ ሰው ማብሪያውን ተጫነ። ቁልፉ ከእርስዎ በቀር ለማንም አልተሰጠም። ‘አየሁ፣ ሮጥኩ’ አሉኝ። ባቡሽካ ኡስቲንያ ግን የፈላ ሻይ እፍ እያለች ጠጥታ ጨርሳ ነው የጮኹት። »

« ደንግጬ... እጄ ነክቶት ይሆናል። »

« እሱን ብቻ አይደለም የነካው። » ዚናይዳ ከመሃል ወጣ ብሎ በፊልሙ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ ቀጭን ነጭ መስመር አመለከተች። « ሩቤን አራሞቪች፣ ይህስ? »

ትልቁ ሰው ፊልሙ ላይ ጎንበስ አለ። 

« ኮከባችን ነው። »

« እንዴት ይሄዳል? »

« ቀጥ ብሎ። አይንሸራተትም። » ሩቤን ቀና ብሎ ኢኖኬንቲን አየው፤ በቁልምጫ ስሙ ጠራው። « ኬሻ? ለምን አይንሸራተትም? »

« ኮከብ ስላልሆነ ነው » አለች ዚናይዳ። « የአንዱ አንቴና ድምፅ በድብቅ ሽቦ ወደ ሌላው ገመድ ይገባ ነበር። መሣሪያው ሁለቱን ሲያነጻጽር ያገኘው ራሱን ነው። ሽቦው የተደበቀው ሰው ፈርቶ እጁን በማይሰድበት ቦታ፣ በትልቁ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አቧራው ላይ የተኛበት ምልክት ቀርቷል። በነጠላ ፎቶ ላይ ነጥቡ ኮከብ ይመስላል። ረጅም ፊልም ግን ያጋልጠዋል፤ ለዚህ ነው ፊልሙ የተቆለፈበት። ፕሮፌሰሩ ጠረጠሩ፤ ማመልከቻውን ያልፈረሙት ለዚህ ነው። አሁን መስመሩን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። በሩ ተከፈተ። መስመሩ ተቋረጠ፤ ሽቦው ተነሣ። ከዚያ ማብሪያው በራ። ሦስቱም ዛሬ ጠዋት በገባው ሰው እጅ፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ። አግላያ ፌዶሮቭናና ሩቤን አራሞቪች ያኔ ገና ቤት ውስጥ ነበሩ። »

 ኢኖኬንቲ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል።

« ‘ዛሬ ጠዋት’ ሳይሆን ‘የዚያን ዕለት ጠዋት’ ነው » አለ በመጨረሻ፣ የተማሪ ስሕተት እንደሚያርም ሰው። ከዚያ ፊቱ ተሰበረ። « ሁለት ዓመት ፈልጌ ሳጣው ሽቦውን ዘረጋሁ። እሳቸው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነገሩኝ። ‘ኬሻ፣ ነጥቡ ከውስጥ የመጣ ይመስለኛል፤ ማታ ሳጥኑን ከፍቼ ገመዶቹን አያለሁ’ አሉኝ። ዓይን ዓይኔን እያዩ። ሩቤን ጋ ሊደውሉ ኮሪደር ሲወጡ... ክዳኑን ለመፍታት ጊዜ አልነበረም። ብዙ ብሎን አለው። ዘንጉ ግን እጄ አጠገብ ነበር። »

« ሌላስ ምን አሉዎት? »

ኢኖኬንቲ አቀረቀረ።

« ሲወጡ የነገሩዎት ነገር አለ » አለች ዚናይዳ። « አንድን ሰው ሊያሳዝኑ መሆኑ ከብዷቸው ነበር። ዝም ብለው አልሸኙዎትም። »

« ‘ጠዋት በጊዜ ና’ አሉኝ። » ድምፁ ሊሰማ አልቻለም፤ ዚናይዳ ከንፈሩን አየች። « ‘ስሕተቱን አንተ ራስህ እንዳገኘኸው አድርገን እንጽፋለን’ አሉኝ። ‘ማንም አያውቅም’ አሉ። »

« አላመኗቸውም? »

« አመንኳቸው። » ኢኖኬንቲ ራሱን ነቀነቀ። « ጫማ እንደገዙልኝ ሁሉ ይህንንም ያደርጉልኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ዓይናቸውን እያየሁ መኖር ነው ያቃተኝ። »

ሩቤን ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሚሊሻው መሃል ገባ፤ አያስፈልግም ነበር፤ ትልቁ ሰው ክንዶቹን ከጎኑ ጥሎ ቆሟል።

« እኔ ቤት እንጀራዬን በልተህ፣ » አለ፣ « ከሚስቴ ጋር ጨፈርክ። እሳቸው እዚህ ወድቀው። ኬሻ፣ ዘፈን ሁሉ መረጥክልን እኮ! »

አግላያ አልጮኸችም። ወደ ሳጥኑ ሄዳ፣ ግሌብ የሞተበትን ቦታ ለጥቂት ጊዜ አይታ፣ ክዳኑን ከግድግዳው አንሥታ መለሰችው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመረች። እንባዋ እጇ ላይ ሲወርድ እንኳ አላቋረጠችም። ዳይሬክተሩ አንድ ነገር ሊሏት ጠጋ ብለው ነበር፤ ፊቷን አይተው ተመለሱ።

ሽልማቱ ተሰረዘ። ጋዜጣው ስለ ኮከቡ ዳግመኛ አላነሣም። ላብራቶሪው ይዘጋል የሚል ወሬም ነበር፤ ነገር ግን እስኪዘጋ ድረስ ያለውን ጊዜ ማንም አልከለከላቸውምና ሩቤንና አግላያ ሁለቱን አንቴናዎች ፕሮፌሰሩ በሒሳብ ወዳመለከቱት ቦታ መልሰው አዞሩ። ፊልም በደመወዛቸው እየገዙ ሌሊት ከሌሊት አሠሩት።

በረዶው ጠፍቶ የበርች ዛፎች ቅጠል ባወጡበት ሰሞን ዚናይዳ አርካድየቭና የመጨረሻውን ቃል ልታስፈርም ወደ እስር ቤቱ ሄደች። ኢኖኬንቲ ከስቷል፤ ፀጉሩ ተላጭቷል። ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመ። ከዚያ ብዕሩን ይዞ ቆየ።

« እዚያ... አሁንም ይሠራሉ? »

ዚናይዳ ብትዋሽ ትችል ነበር። ሩቤን የደወለላት በዚያው ጠዋት ነው፤ ስልኩ ውስጥ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየችውም ነበር።

« ይሠራሉ » አለች። « አግኝተውታል። »

« ምኑን? »

« ኮከቡን። ፕሮፌሰሩ ባሉበት ቦታ። በጣም ደብዛዛ ነው አሉ፤ የሚወጣው በረጅም ፊልም ብቻ ነው። ግን መስመሩ ይንሸራተታል። »

 ጠባቂው ሊወስደው በሩን ከፈተ፤ ኢኖኬንቲ ግን አልተነሣም።

« ስንት ጊዜ ፈጀባቸው? »

« አንድ ወር ያህል። »

ብዕሩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

« እኔ ሁለት ዓመት ነበረኝ » አለና ተነሣ።